በላንግስተን ሜዳ ሒሳብ ሲማሩ አየን

ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሚሄድ የሀገራችን ሰው የሚጎበኛቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ዋይት ሐውስን ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ያያል፤ በአብርሃም ሊንከን መታሰቢያ ደረጃዎች ላይ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሲመሽ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ እንጀራውን ይበላል። ከመሐል ከተማው ብዙ የማይርቀውን፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል በቤኒንግ መንገድ ዳር የተዘረጋውን አረንጓዴ ሜዳ ግን እንየው የሚል እንግዳ እምብዛም አይገኝም። ቦታው ላንግስተን የጎልፍ ሜዳ ይባላል። በአጠገቡ የአናኮስቲያ ወንዝ ያልፋል፤ ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ማለዳ ላይ ሣሩ ገና ጤዛ እንዳዘለ የወፎች ድምፅ ከመኪናው ድምፅ ይበልጣል።

ጎልፍ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ትርፍ ጊዜና ትርፍ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። እኔና ባለቤቴ በ2023 በሐምሌ ወር ለአገልግሎት ወደዚያ በሄድንበት ጊዜ በዚህ ሜዳ ያየነው ግን ሌላ ነው። ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ አሥር ያህል ልጆች ዱላ፣ ኳስ፣ ሜትርና እርሳስ ይዘው ሒሳብ ይማሩ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቆሻሻ የተደፋበት ቦታ

ስለ ትምህርቱ ከማውራቴ በፊት ስለ ቦታው ጥቂት ልበል፤ ታሪኩ ያስተምራልና። በ1930ዎቹ በአሜሪካ ዋና ከተማ ጥቁር የሆነ ሰው ጎልፍ ልጫወት ቢል ደህና ደህናዎቹ የሕዝብ ሜዳዎች አይፈቀዱለትም ነበር። በ1937 አሥራ ሦስት ጥቁር ሴቶች በአንዷ ቤት ተሰብስበው ዌክ ሮቢን የተባለ የሴቶች የጎልፍ ክለብ መሠረቱ። ሰብሳቢያቸው ሔለን ዌብ ሃሪስ ይባላሉ። ባሎቻቸው በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ሜዳ ሲሄዱ ቤት ቀርተው ከመቆዘም ይልቅ ጨዋታውን ራሳቸው ለመማር ቆረጡ። በዚያም አላበቁም፤ የከተማዋ ሜዳዎች ለሁሉም ይከፈቱ ብለው ለመንግሥት አቤት አሉ።

ላንግስተን የተከፈተው ሰኔ 11 ቀን 1939 ነው። ቦታው ቀድሞ የከተማው ቆሻሻ ይደፋበት የነበረ ነው፤ ሲከፈትም ዘጠኝ ጉድጓዶች ብቻ ነበሩት። አሥራ ስምንት የሞላለት በ1955 ነው። ስያሜውን ያገኘው ከጆን መርሰር ላንግስተን ሲሆን፣ እኚህ ሰው የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት የመሠረቱና ከቨርጂኒያ ለአሜሪካ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው። በ1941 ደግሞ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ የከተማዋ የሕዝብ ሜዳዎች ለሁሉም ዘር እንዲከፈቱ አደረጉ። በ1975 በታላቁ የማስተርስ ውድድር ለመጫወት የመጀመሪያው ጥቁር የሆነው ሊ ኤልደርም በኋላ ይህንን ሜዳ ያስተዳድር ነበር። ላንግስተን ከ1991 ጀምሮ በሀገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

እንግዲህ ከሰው አትቆጠሩም የተባሉ ሰዎች በቆሻሻ ክምር ላይ ያገኙት ሜዳ ነው፤ ዛሬ ልጆች መቁጠርን የሚማሩበት።

በማዕድ ላይ የሚነሣ ጠብ

ወደ ሜዳው የወሰደን ያስተናገደን ቤተ ሰብ ነው። አባትየው ታክሲ ይነዳል፤ እናትየው ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን በመንከባከብ ትሠራለች። ልጃቸው ስድስተኛ ክፍልን የጨረሰ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ብልህና ጨዋ ነው፤ ሒሳብ ሲባል ግን ፊቱ ይጠቁራል። በዚያ ዓመት ያገኘው ውጤት ዝቅተኛ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ጭቅጭቅ ጠፍቶ አያውቅም። አባት “ሰንፎ ነው እንጂ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም” ይላል። እናት “ልጁን አታስጨንቀው” ትላለች። ሁለቱም ደክመው ነው የሚገናኙት፤ እራት ላይ የልጁ የቤት ሥራ ሲነሣ ባልና ሚስቱ ይኳረፋሉ። ልጁ በእኔ ምክንያት ነው ብሎ ወደ ክፍሉ ይገባል። እናንት ወላጆች ይህንን ሳትሰሙት አትቀሩም፤ አንዳንዶቻችሁም ኖራችሁታል።

አባትየው በልጅነቱ ሒሳብ ይወድ ነበር። ነገር ግን ከስድስተኛ ክፍል በላይ የመማር ዕድል አላገኘም፤ የተማረውም በአማርኛ ነው። ልጁ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። አባት የሚያውቀውን ልጁ አይሰማውም፤ ልጁ የሚጠይቀውን አባት በምን ስም እንደሚጠራ አያውቀውም። በመካከላቸው የጠፋው ፍቅር ሳይሆን ቃል ነበር።

አንድ የሒሳብ መምህር በበጎ ፈቃድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆችን በጎልፍ ሜዳ እንደሚያስተምሩ እናትየው ከሥራ ባልደረባዋ ሰማችና ልጇን አስመዘገበችው። እኛ የሄድነው በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። አባትየውም በዚያ ቀን ሥራ አልገባም ነበርና አብሮን መጣ፤ አመጣጡ ግን በጎልፍ ሒሳብ ይገኛል ብሎ ያመነ ሰው አመጣጥ አልነበረም።

አሥራ ሁለት እርምጃ

መምህሩ መጀመሪያ በሜትር አሥር ያርድ ለኩና በሁለት ጫፍ ምልክት አደረጉ። አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። እያንዳንዱ ልጅ እንደ ልማዱ እየተራመደ እርምጃውን እንዲቆጥር አዘዙ። የእኛ ልጅ አሥራ ሁለት ቆጠረ። ከዚያ ኳሱ ካለበት እስከ ባንዲራው እየተራመደ ቆጥሮ እንዲመጣ ላኩት። ስድሳ ብሎ ተመለሰ። “እንግዲህ ባንዲራው ስንት ያርድ ይርቃል?” አሉት። ልጁ እርሳሱን አፉ ውስጥ ከትቶ ዝም አለ።

አባትየው ከኋላችን ቆሞ ነበር። አላስቻለውም። “ንጥጥር ነው እኮ!” አለ ጮክ ብሎ።

“ምንድን ነው እሱ አባዬ?”

“አሥራ ሁለት እርምጃ አሥር ያርድ ከሆነ፣ ስድሳ እርምጃ ስንት ይሆናል? አሥራ ሁለት በስድሳ ውስጥ ስንት ጊዜ አለ?”

“አምስት። ኦ! ሬሾ ነው! ሃምሳ ያርድ!”

መምህሩ አማርኛ አይሰሙም፤ መልሱን ግን ሰሙ። ለአባትየው ዱላ አቀበሉትና “እርስዎም ይቆጠሩ” ብለው ወደ ሰልፉ አስገቡት። እሱ ንጥጥር የሚለው፣ ልጁ ሬሾ የሚለው ነገር አንድ መሆኑን አባትና ልጅ ያወቁት በዚያች ሣር ላይ ነው።

አንድ መጥፎ ምት

ቀጥሎ እያንዳንዱ ልጅ በአንድ ዓይነት ዱላ አሥር ጊዜ መትቶ ኳሱ የደረሰበትን ርቀት በያርድ ጻፈ። ሉካንዳ ቤት እንደተሰቀለ ሚዛን ቁጥሩ አይዋሽም። የልጁ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ 62፣ 70፣ 68፣ 71፣ 35፣ 69፣ 72፣ 66፣ 70፣ 67። ሲደመር 650፣ ለአሥር ሲካፈል አማካዩ 65 ነው።

“እስቲ ወረቀትህን እይ” አሉት መምህሩ። “ከአሥሩ ምቶች ስንቱ ከ65 በልጠዋል?” ቆጠረ፤ ስምንቱ በልጠዋል። ታዲያ አማካይ የሚባለው እንዴት ከብዙዎቹ ምቶች በታች ሆነ? ልጆቹ ተከራከሩ። አንዲት ልጅ ጣቷን 35ቱ ላይ አሳረፈች። በዚያ ምት ዱላው ኳሱን አናቱን ብቻ ነክቶት ነበር። እሱ ቢወጣ የቀሩት ዘጠኙ ድምራቸው 615፣ አማካያቸው ከ68 በላይ ይሆናል። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው መሐል ላይ ያሉትን ሁለቱን፣ 68ንና 69ን ቢወስዱ ደግሞ መሐሉ 68 ከግማሽ ነው፤ ያቺ አንዲት መጥፎ ምት እሱን ብዙም አላነቃነቀችውም።

ይህ በትምህርት ቤት ከሚሰጡት የስታትስቲክስ ትምህርቶች አንዱ ነው፤ አማካይ በአንድ ሩቅ ቁጥር ይጎተታል፣ የመሐል ቁጥር ግን አይጎተትም። በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ለልጆች ደረቅ ነው። ኳሱን የመታው እጅ የራሳቸው ሲሆን ግን አይረሱትም። ለእኛ ለወላጆችም ይጠቅመናል። ልጃችንን የምናውቀው በየትኛው ነው? በዘጠኙ ነው ወይስ በአንዷ 35?

አንድ ዲግሪ

የጎልፍ ዱላዎች አይመሳሰሉም። ኳስን ሩቅ የሚሰደው ዱላ ፊቱ ከቀጥታው የሚያዘነብለው በአሥር ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው፤ ሰባት ቁጥር የሚባለው ብረት ከሠላሳ ዲግሪ በላይ ያዘነብላል፤ ከአሸዋ ውስጥ የሚያወጣው ደግሞ ሃምሳ ስድስት አካባቢ ይደርሳል። ዝንባሌው በጨመረ ቁጥር ኳሱ ከፍ ብሎ ይነሣል፣ ርቀቱም ያጥራል። ልጆቹ ይህንን በፕሮትራክተር እየለኩ ጻፉ። አባትየው “እኛ ዘዌ ነበር የምንለው” አለ፤ ልጁም ቃሏን በላቲን ፊደል በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፋት።

የጎልፍ ጉድጓድ አፉ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሦስት ሜትር ላይ ኳሱን ስታንከባልሉት አቅጣጫችሁ በአንድ ዲግሪ ቢሳሳት ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርስ ከመሐሉ አምስት ሴንቲ ሜትር ከሩብ ያህል ይርቃል፤ ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ነው፣ ምናልባት ይገባል። ያው አንድ ዲግሪ ከስድስት ሜትር ላይ ግን አሥር ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ይሆናል፤ ኳሱ አልፎ ይሄዳል። ከመቶ ያርድ ላይ ደግሞ ከአንድ ያርድ ተኩል በላይ ያስታል። ስሕተቱ አላደገም፤ መንገዱ ነው የረዘመው። መምህሩ ይህንን በገመድ ዘርግተው ነው ያሳዩአቸው፤ ትልቅ ቃል አልተናገሩም።

ግድግዳ ላይ ስለሚነጥረው ኳስም በስኩዌር ወረቀት ሠሩ። ኳሱ ከግራ ጠርዝ አንድ፣ ከግድግዳው ሁለት ስኩዌር ርቆ ቢቀመጥ፣ ጉድጓዱ ደግሞ ከግራ ጠርዝ ሰባት፣ ከግድግዳው አራት ስኩዌር ቢርቅ፣ ግድግዳውን የት ልምታው? ዘዴው ጉድጓዱን በመስተዋት እንደሚታይ አድርጎ ከግድግዳው ማዶ በዚያው ርቀት መሳል ነው። ከኳሱ ወደዚያ ምስል ቀጥታ መስመር ሲሰመር ግድግዳውን በሦስተኛው ስኩዌር ላይ ያቋርጣል። እዚያ የተመታ ኳስ በገባበት ዘዌ ተመልሶ ይወጣና ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል።

ከዜሮ በታች

በመጨረሻ ጨዋታ ሆነ። መምህሩ ስድስት አጫጭር ጉድጓዶች አዘጋጅተው ለእያንዳንዱ ፓር ሰጡ። ፓር ማለት አንድ ጥሩ ተጫዋች ኳሱን እዚያ ጉድጓድ ለማስገባት ይበቃዋል ተብሎ የተወሰነ የምት ብዛት ነው። የስድስቱ ፓር 3፣ 4፣ 3፣ 4፣ 3፣ 4፣ በድምሩ 21 ነበር። ከፓር አንድ ከበለጠ ፕላስ አንድ፣ አንድ ካነሰ ማይነስ አንድ ይጻፋል። በጎልፍ ማይነስ ማግኘት ደስታ ነው። በዕዳ ምሳሌ ብቻ ኔጌቲቭ ቁጥር ለተማረ ልጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ልጁ በ4፣ በ4ና በ2 ጨረሰ፤ ፕላስ አንድ፣ ዜሮ፣ ማይነስ አንድ፤ ሦስቱ ተጣፍተው ዜሮ ሆኑ። ደስታው ልክ አልነበረውም። አራተኛው ጉድጓድ ላይ ግን ኳሱ ረጅም ሣር ውስጥ ገባች። አንዴ ሳታት፣ እንደገና ነካት። ደንቡ እያንዳንዱ የጓደኛውን ውጤት እንዲጽፍ፣ በመጨረሻም ባለቤቱ አይቶ እንዲፈርም ነው። ጓደኛው ስንት ብላ ጠየቀችው። “አምስት” አላት። ጻፈች።

አባትየው ከዳር ሆኖ ቆጥሮ ነበር። ስድስት ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። አምስተኛውን በ5፣ ስድስተኛውን በ3 ጨርሰው ወደ ጠረጴዛው መጡ። ልጁ እርሳሱን አንሥቶ ሊፈርም ወረቀቱን አየ። ቆየ። ከዚያ ጓደኛውን “አራተኛው ስድስት ነው” አላት፣ ቀስ ብሎ። መምህሩ አላሞገሱትም፣ አልገሠጹትምም። “እንግዲያው ድምሩ ስንት ነው?” አሉት። ፕላስ አንድ፣ ዜሮ፣ ማይነስ አንድ፣ ፕላስ ሁለት፣ ፕላስ ሁለት፣ ማይነስ አንድ፤ ፕላስ ሦስት። ሃያ አንድና ሦስት፣ ሃያ አራት። ፈረመ።

በዚያ ማታ እራት ላይ አባትየው ለሚስቱ የነገራት ስለ ንጥጥሩ አልነበረም። ስለ ስድስተኛዋ ምት ነው።

ማንም ያላየው ምት

ጎልፍ በትልልቅ ውድድሮችም ቢሆን ተጫዋቹ በራሱ ላይ እንዲመሰክር የሚጠበቅበት ጨዋታ ነው። በ1925 በአሜሪካ ኦፕን ቦቢ ጆንስ ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሱ ሣር ውስጥ ተነቃነቀች። ሌላ ያየ አልነበረም። እሱ ግን አንድ የቅጣት ምት በራሱ ላይ አስቆጠረ። መጨረሻ ላይ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጣ፤ በመለያውም ተሸነፈ። ያቺ ምት ባትቆጠር ዋንጫው የእሱ ነበር።

በ1968 ደግሞ አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንዞ በማስተርስ ውድድር የመጨረሻ ቀን 17ኛውን ጉድጓድ በ3 ምት ጨረሰ፤ አብሮት የተጫወተው ሰው ግን 4 ብሎ ጻፈለት። ዴ ቪሴንዞ በደንብ ሳያየው ፈረመ። በደንቡ መሠረት የተፈረመበት ከፍ ያለ ቁጥር ይጸናል። 65 መሆን የነበረበት 66 ሆነ፤ ከቦብ ጎልቢ ጋር ለመለያ ሊቀርብ ሲችል በአንድ ምት ተሸነፈ። ቁጥሩን ያጣመመ ሰው የለም፤ ያልተመረመረ ድምር ብቻ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 11 መጀመሪያ ላይ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የሚያስጠነቅቀውን ለልጅ ለማስረዳት እነዚህ ሁለት ታሪኮች ይበቃሉ፤ አንዱ ለእውነት ሲል ያጣ፣ ሌላው ሳይመረምር ፈርሞ ያጣ።

በ1997 በአሜሪካ የተመሠረተው ፈርስት ቲ የተባለው የልጆች የጎልፍ ድርጅትም ሐቀኝነትንና ጽናትን ከዘጠኝ መሠረታዊ እሴቶቹ መካከል አድርጎ ያስተምር የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በየቤታችን

ለዚህ ሁሉ የጎልፍ ሜዳ የግድ አያስፈልግም። እኛ የገና ጨዋታ ያለን ሕዝብ ነን። ቆልመም ያለ ዱላ፣ የጨርቅ ኳስ፣ አፈር ውስጥ የተቀበረ ባዶ ቆርቆሮ ይበቃል። በዚያ ጨዋታ ጌታው እንኳ እንደማይቆጣ አባቶቻችን ተናግረዋል፤ ሒሳብ የሚያስተምር ወላጅም ይህንን ቢይዘው መልካም ነው።

መጀመሪያ አሥር ሜትር ለክታችሁ የእያንዳንዱን ልጅ እርምጃ አስቆጥሩ። ከዚያ በእርምጃው ግቢውን፣ መንገዱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ይለካ። አሥር ጊዜ መትቶ ርቀቱን ይጻፍ፤ አማካዩንም መሐሉንም ይፈልግ። ለየጉድጓዱ ፓር አብራችሁ ወስኑና በፕላስና በማይነስ አስቡ። ታናሹ ከታላቁ ጋር ሲጫወት ምት ይጨመርለት። በጎልፍ ይህ ሃንዲካፕ ይባላል፤ ደካማና ብርቱ በአንድ ሜዳ በእኩልነት እንዲወዳደሩ የተሠራ ስሌት ነው። መካከለኛ ክብደት ያለው ሜዳ 113 ይባላል፤ ክብደቱ 130 ወደሆነ ሜዳ የሚሄድ ሰው ቁጥሩ 11.3 ከሆነ፣ 11.3ን በ130 አባዝቶ ለ113 ያካፍላል፤ የሜዳው ደረጃ ከፓሩ ጋር እኩል ከሆነ 13 ምት ይፈቀድለታል። መጠኑን ልጆቹ ራሳቸው ተከራክረው ይወስኑት፤ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው።

አባቶች ሆይ፣ በአማርኛ የተማራችሁትን አትናቁት። ንጥጥር በየትኛውም ቋንቋ ንጥጥር ነው። እናቶችም ልጃችሁ ቁጥሩን ሲነግራችሁ ትክክል ነው ስሕተት ነው ከማለታችሁ በፊት “እንዴት አገኘኸው?” በሉት። ባልና ሚስት በልጃቸው ውጤት ከሚከራከሩ አንዱ ዱላውን፣ ሌላው ወረቀቱን ቢይዝ ይሻላል። ልጁም ሲሳሳት የራሱን ስሕተት ራሱ አይቶ እስኪያርም ድረስ ጥቂት ታገሡት። ዝም ብሎ ቆጥሮ መጠበቅም የወላጅ ሥራ ነው።